ፊቷ ላይ ጸጉር የሚበቅልባት ሴት ከየት ትጀምር?

ጉንጭንና የላይኛውን ከንፈር የሚሸፍነው ስስና ለስላሳ ጸጉር በማንኛዋም ሴት ፊት ላይ ያለ ስለሆነ፣ ማስወገጃ ከመምረጥ በፊት በደህና ብርሃን መስታወት ፊት ቆሞ የጸጉሩን ዓይነት መለየት ይቀድማል። ከከንፈር በላይ፣ አገጭ ላይ ወይም ከአገጭ ሥር የበቀለው ጥቁር፣ ወፍራምና ሲዳስሱት የሚኮሰኩስ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወንዶች የሚበዙት፣ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በዝተዋል፣ ወይም የጸጉሩ ሥሮች መደበኛውን መጠን እንኳ አጉልተው ይቀበሉታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የወር አበባን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጸጉሩ ከወር አበባ መዛባትና ከማይለቅ ብጉር ጋር ከመጣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው፣ ከሁሉም በላይ የተለመደው መንስኤ፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም (የኦቫሪን፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻውን ሥራ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ነው፤ ሐኪሙም የሆርሞን ምርመራ ያዝዛል። ወደ ሐኪም ሲኬድ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ መናገር ተገቢ ነው፤ ጸጉር የሚያበቅሉ አሉና። ጸጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅም ከጎረነነ ግን ከኦቫሪ ወይም ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ዕጢ የተነሳ ዕባጭ ሊኖር ስለሚችል ቀጠሮ ማዘግየት አይገባም።

ለማስወገድ በጣም ቀላሉ መንገድ መላጨት ነው። ምላጭ ጸጉርን ያወፍራል የሚባለው እውነት አይደለም፤ የተቆረጠው ጫፍ ደንደን ስለሚል ብቻ ይሻክራል። ፊትን ለብ ባለ ውሃ አርሶ፣ በንጹሕ ምላጭ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ መላጨት ይሻላል። ወረንጦና ሰም ከሥሩ ስለሚነቅሉ ውጤታቸው ይቆያል፤ ሆኖም ጸጉሩ ጥቅልል ከሆነ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይበቅልና ቁስልና ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል።

ሌዘር የሚሠራው የጸጉሩን ጥቁር ቀለም በማሞቅ ስለሆነ ሽበትን አይነካም፤ ጥቁር ቆዳንም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ቆዳዋ ጥቁር የሆነ ሴት ከመክፈሏ በፊት መሣሪያው ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው የ1064 ናኖሜትር ኤንዲ ያግ (Nd:YAG) የሚባለው የሌዘር ዓይነት መሆኑን ትጠይቅ። በሌዘር ቀጠሮዎች መካከል መላጨት ይቻላል፣ መንቀል ግን አይቻልም፤ ጨረሩ የሚያነጣጥርበት ሥር አብሮ ይወጣልና።

መንስኤው ሆርሞን ከሆነ ሐኪም የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ወይም የአንድሮጅንን ሥራ የሚገታውን ስፓይሮኖላክቶን የተባለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ሁለተኛው ፅንስን ስለሚያሰጋ በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። እነዚህ መድኃኒቶች አዲሱን እድገት ያዘገያሉ እንጂ የበቀለውን አያረግፉም፤ ለውጡን ለማየትም 6 ወር ገደማ ስለሚፈጅ እስከዚያው መላጨቱን መቀጠል ያስፈልጋል።