ለትንሽ ጀልባ የሚሆን ምድጃና ነዳጅ አመራረጥ

ምድጃ ከመግዛትዎ በፊት የጀልባዎን ወለል ከፍተው ይመልከቱ። ጀልባ ውሃ እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ ገበቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ገበቴ ደግሞ ውስጡ የገባውን ጋዝ አያስወጣም። ቤት ውስጥ ያመለጠ ቡታጋዝ በበር ሥር ሾልኮ የመውጣት ዕድል አለው። ጀልባ ላይ ግን ቡታጋዝ የሚሠራባቸው ሁለቱ ጋዞች፣ ፕሮፔን ከአየር 1.5 እጥፍ፣ ቡቴን 2 እጥፍ ስለሚከብዱ ከወለሉ ሥር ወርደው ይተኛሉ፤ ሞተር እስኪነሳ ወይም ማብሪያ እስኪጫን እዚያው ይቆያሉ። አየሩ ውስጥ 2 በመቶ ያህል ጋዝ ካለ ለፍንዳታ ይበቃል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚመረጠው ነዳጁ ነው፤ ምድጃው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ሦስት አማራጮችን ቶሎ እናሰናብት። የቤንዚን ምድጃ ካቢን (የጀልባው የተዘጋ ክፍል) ውስጥ ቦታ የለውም፤ ትነቱ በብርድም ቢሆን ይቀጣጠላል። ከሰልም እንዲሁ፦ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ካቢን ሰው ይገድላል፣ ፍሙ ከደበዘዘ በኋላም መውጣቱን አያቆምም። ኤሌክትሪክ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ባትሪው ነው። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት 93 ዋት-ሰዓት፣ ብክነቱ ሲታከል ወደ 120 ይጠይቃል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን፣ ማለትም 600 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ይህ በወረቀት ላይ 5 ሊትር ያፈላል። ባለ 1500 ዋት ምድጃ ግን ወደ 140 አምፔር ስለሚስብ፣ በዚያ ጭነት ባትሪው ያንኑም አያደርስም።

የቀሩት ቡታጋዝ፣ ኢታኖል (የሚነድ አልኮል) እና ላምባ ናቸው። ምድጃው ከሚያወጣው ሙቀት 45 በመቶ ያህሉ ድስቱ ውስጥ ይገባል ብለን ብናሰላ፣ 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት 16 ግራም ቡታጋዝ፣ 35 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ወይም 22 ሚሊ ሊትር ላምባ ያልቃል። ባለ 1.5 ኪሎዋት በርነር (እሳቱ የሚነድበት የምድጃ ራስ) በቀን 1 ሰዓት ቢነድ ለ10 ቀን 1.2 ኪሎ ጋዝ ወይም 2.6 ሊትር ኢታኖል ይበላል። ነፋስ ስላለ አንድ ሦስተኛ ይጨምሩበት።

ቡታጋዝ ፈጣንና ለመቆጣጠር ቀላል ነው፤ ግን ለሲሊንደሩ ትክክለኛ ሳጥን የሚሆን ቦታ ከሌለዎት ይተዉት። ሳጥኑ ወደ ካቢኑ ምንም ክፍተት የሌለው፣ ከላይ ብቻ የሚከፈት፣ ከግርጌው ቢያንስ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ማፍሰሻ ያለው መሆን አለበት። ማፍሰሻው ያለማቋረጥ ቁልቁል ወርዶ ጀልባው በተጫነ ጊዜም ከውሃው በላይ ይከፈት። መሐል ላይ ረግቦ ውሃ ከተኛበት ጋዙን ይገድበዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የሲሊንደሩን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ሳጥኑ ውስጥ ይገጠም፣ ግፊቱም ምድጃው ላይ ከተጻፈው ጋር ይግጠም፦ ለ30 ሚሊባር በተሠራ ምድጃ ላይ የ50 ሬጉሌተር ከተገጠመ ነበልባሉ ከበርነሩ ተነጥሎ ይንሳፈፋል። ነበልባል ሲጠፋ ጋዙን ራሱ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ በእያንዳንዱ በርነር ላይ ከሌለ ያን ምድጃ አይግዙ። ጋዙን የሚያመጣውን የጎማ ቱቦ በላዩ በታተመው ቀን ይቀይሩ፤ ቀን ከሌለው በ5 ዓመት። ብርድ ባለበት አካባቢ ፕሮፔን ይሻላል፤ ቡቴን በ0 ዲግሪ መትነኑን ያቆማል ማለት ይቻላል።

በካርትሪጅ (ጋዝ በተሞላ ትንሽ ቆርቆሮ) የምትሠራው ተንቀሳቃሽ ምድጃ በርካሽነቷ ትወደዳለች። በክፍት ጀልባ ላይ ትሁን፤ ካቢን ውስጥ ግን ቆርቆሮው ይዝጋል፣ የካርትሪጁን ክፍል የሚሸፍን ሰፊ መጥበሻ ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ካርትሪጁን ሊያፈነዳው ይችላል።

ፍሳሽ ለመፈተን ከሲሊንደሩ ቫልቭ ቀጥሎ፣ ከሬጉሌተሩ በፊት የግፊት መለኪያ ይግጠሙ። የምድጃውን መክፈቻዎች ሁሉ ዘግተው ሲሊንደሩን ይክፈቱና ቁጥሩን ያንብቡ። ሲሊንደሩን መልሰው ይዝጉ፤ 10 ደቂቃ ይቆዩ። መርፌው ከወረደ አንዱ መገጣጠሚያ ያፈሳል። የሳሙና አረፋ ቀብተው ይፈልጉት፤ ክብሪት የሚለውን ሐሳብ ይርሱት። አሞኒያ ያለበት ሳሙና ነሐሱን ስለሚሰነጥቅ አይጠቀሙ። ይህ ፍተሻ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይደገማል።

ለአጭር ጉዞና ለጠባብ ካቢን የእኛ ምርጫ ግፊት የሌለው የኢታኖል ምድጃ ነው። ነዳጁ 1.2 ሊትር ገደማ በሚይዝ፣ እንደ ጥጥ ያለ መጣጭ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ስለሚሰርጽ ጀልባው ቢያጋድልም አይፈስም፤ አንድ ሙሌት 4 ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። ዋጋው ትዕግሥት ነው፦ 1 ሊትር ለማፍላት 8 ደቂቃ አልፎ ይፈጃል። አደጋው የሚመጣው በትኩሱ ሲሞላ ነው። ጣሳው 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ ከምድጃው ወጥቶ በጎኑ ዘንበል ብሎ ይሞላ፤ ነዳጁ አፉ ላይ ብቅ ሲል ያቁሙ። ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ «ጠፍቷል» ብለው ከመጨመርዎ በፊት መዳፍዎን ከፍ አድርገው ሙቀቱን ይፈትሹ። የሚነድ ኢታኖል በብዙ ውሃ ይጠፋል፤ ጥቂት ውሃ ግን እሳቱን ተሸክሞት ይሄዳል። ደግሞም 1 ሊትር ሲነድ 0.9 ሊትር ውሃ በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ፣ መስኮት ካልተከፈተ ጣሪያው ያንጠባጥባል። በግፊት የሚሠራው የኢታኖል ምድጃ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲለኮስ ስለሚፈናጠቅ አንመክረውም።

ላምባ የሚቀጣጠለው ከ38 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በመሆኑ ለማከማቸት የተሻለ ነው፣ ለረጅም ጉዞም ይሆናል። ጥበቡ በማሞቅ ላይ ነው፦ በርነሩ ሥር ባለችው ኩባያ የፈሰሰው አልኮል ሊያልቅ ሲል ብቻ ላምባው ይከፈታል። ከቸኮሉ ያልተነነ ላምባ ወጥቶ ቢጫ ነበልባል እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ቀዳዳውን የሚጠርገው ቀጭን ሽቦ መለዋወጫ ከምድጃው ጋር ይግዛ።

በሸራ የሚሄድ ጀልባ ስለሚያጋድል ምድጃው በራሱ ግራና ቀኝ ጎን በሁለት ዘንግ ይንጠልጠል፤ ዘንጎቹን የሚያገናኘው መስመር ከጀልባው አፍንጫ ወደ ኋላ የሚሄድ ይሁን። ውሃ የሞላ ድስት ጭነው ይግፉት። ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ ከሥሩ ክብደት ይጨምሩ። ድስት መያዣ ክንዶች የግድ ናቸው። የጋዙ ቱቦም ምድጃው እስከ መጨረሻው ሲወዛወዝ የማይወጠርና የማይፋቅ ይሁን። እሳት ማፈኛውን ብርድ ልብስ ከምድጃው በላይ አይስቀሉት፤ ነበልባል ውስጥ እጅ ሳይገባ ሊደረስበት ይገባል።

የጋዝ ሽታ ከመጣ ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ ሞተርም የኤሌክትሪክ ፓምፕም አያስነሱ፤ መስኮቶቹን ከፍተው ከወለሉ ሥር ያለውን አየር በባልዲ እንደ ውሃ እየቀዱ ወደ ውጭ ይድፉት።