ሲጨንቀን የምንሠራቸው ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ የምክር አገልግሎት መስጠት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሰው ይዞት የሚመጣው ችግር ይለያያል። ዕዳ፣ ፍቺ፣ ሥራ ማጣት። የሚሸሽበት መንገድ ግን ያው ነው።

ከጫቱ ልጀምር። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው በዚሁ ጉዳይ መጥቶብኛል።

«ጋሼ፣ ሐሳቡን ለመርሳት ነው የምቅመው» አለኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር። የባጃጇ ዕዳ አስጨንቆታል። ከሰዓት በኋላ ይቅማል። በምርቃና ሰዓት ዕዳው ተከፍሎ፣ ሁለተኛ ባጃጅ ተገዝቶ፣ ቤት ተሠርቶ ያልቃል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ዕዳው እዚያው አለ፤ እንቅልፍ ግን የለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን ያነቃቃል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ስለዚህ ለመተኛት ጨብሲ ይመጣል። መጠጡ ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ደግሞ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ጠዋት ሀራራ። ሥራ ይቀራል። ሥራ ሲቀር ዕዳው ይጨምራል። ዕዳው ሲጨምር ይቃማል። ኧረ በፈጣሪ! ምኑ ነው የተረሳው?

ወረቀት ይዘን ቁጭ አልን። ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ሲሸሸው የነበረውን አበዳሪ ሄዶ አነጋገረው። ሰውየው ጊዜ ሰጠው። ጫቱን መተው ግን ከዚህ ሁሉ ከበደው። ለጥቂት ሌሊቶች ዱካክ፣ ያ ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት፣ አሠቃየው። የምትተዉ ሰዎች ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ያልፋል።

ሌላው «ሆድ ይፍጀው» ነው። እዚህ ላይ እኔም አለሁበት። ትዳሬ የፈረሰ ጊዜ ለአራት ወር ለማንም አልተናገርኩም። ቀን ሰው አማክራለሁ፣ ማታ ሐይቁ ዳር ብቻዬን እዞራለሁ። «ደህና ነህ?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሰው ሲሞትብን ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሣልስት አለ፣ አርባ አለ። ለተፋታ ወይም ከሥራ ለተባረረ ሰው ድንኳን አይተከልም። ራሱ ሄዶ ካልተናገረ ማን ያውቅለታል? በመጨረሻ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። ምክር አልሰጠችኝም። ቡና አፈላች፤ ከአቦል እስከ በረካ ሰማችኝ። የዚያን ዕለት ሌሊት ተኛሁ።

ለሁሉም ማውራትም ስህተት ነው። ቲክቶክ ላይ የወጣ ገመና አይመለስም።

ስለ ጠበል ተጠንቅቄ ልናገር። መጠመቅም፣ ዱዓም፣ ጸሎትም ብዙ ሰው አጽናንቷል፤ እኔም እጸልያለሁ። ስህተቱ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መድኃኒቱን ማቆም ካሰባችሁ መጀመሪያ ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «ያልፋል» እያሉ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ድብርቱ፣ እንቅልፍና ምግብ ማጣቱ፣ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሰውየው ሞትን የሚያስብ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ ዛሬውኑ ነው። ብቻውን አትላኩት። ባጃጅ ያዙና አብራችሁት ሂዱ። ስሙ እስኪጠራ አጠገቡ ተቀመጡ።