«ለበጎ ነው» ከማለታችሁ በፊት

አንድ ጓደኛዬ ወንድሙን በመኪና አደጋ ያጣ ሰሞን አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ለበጎ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ሹፌሩ ሰክሮ ነበር እኮ። እሱም የጠጣው ለበጎ ነው?» አለኝ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፣ ምንም ሳላይበት መልሼ ከተትኩት። የምለው ጠፋኝ።

«እግዚአብሔር ሁሉን የሚገዛ ከሆነ ይሄን ለምን አላስቆመም? ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ካልንስ የእግዚአብሔር ድርሻ የቱ ጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። እንዴት እንደሚፈታ አልነግራችሁም፣ ከኔ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችም ሲሟገቱበት ኖረዋል። የምነግራችሁ መከራው ትኩስ እያለ ጥያቄውን እንዴት እንደምትይዙት ነው።

መጀመሪያ «ለምን?» ያለው ሰው እየጠየቀ ነው ወይስ እያለቀሰ፣ እሱን ለዩ። ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እያለቀሰ ከሆነ መልስ አትስጡት። የኢዮብ ወዳጆች ከሁሉ የተሻለ ሥራቸውን የሠሩት አፋቸውን ሳይከፍቱ በፊት ነው፦ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ማስረዳት ጀመሩና ተበላሸ። የሚገርመው እግዚአብሔርን እየተከላከሉለት ነበር፤ ምዕራፍ 42 ላይ ግን የተቆጣው በነሱ ነው። ሲጮህና ሲከራከረው የነበረው ኢዮብ «ቅን ነገር ተናግሯል» ተባለ።

ቀጥሎ፣ ኃጢአት ፍለጋ አትሂዱ። «ምን አድርጎ ይሆን?» የሚለው ሹክሹክታ ለቀስተኛው ጆሮ ይደርሳል፣ አይደርስም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሉቃስ 13 ላይ ሁለት አደጋዎች ጎን ለጎን ተነሥተዋል። አንደኛው ጲላጦስ የገደላቸው የገሊላ ሰዎች፣ ሌላው የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱ 18 ሰዎች። ኢየሱስ «ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ነበሩ?» ብሎ ጠየቀና ራሱ «አይደለም» አለ። ግንቡ ለምን እንደወደቀ ግን አላብራራም። በሕይወት ወዳሉት ዞሮ ንስሐ ግቡ አላቸው።

እነዚህን ሁለት አደጋዎች ያዙልኝ። «ነጻ ፈቃድ» የሚለው መልስ ለጲላጦስ ይሠራል፣ ለሰካራሙ ሹፌርም ይሠራል። ሰው መረጠ፣ ክፉ መረጠ፣ ሌላው ተጎዳ። ለግንቡ ግን ብዙም አይሠራም። በ1755 በፈረንጆቹ ኅዳር 1፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን፣ ሊዝበን ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ ብዙ ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበሩ። ያን ማን መረጠው? ስለዚህ አንዱን መልስ ለሁሉም መከራ አትልበሱት። ልኩ አይደለም።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ስትሉም ቆም በሉ። በግእዙ «ፈቀደ» ማለት ፈለገ፣ ወደደ ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ ደግሞ «እንዲሆን ተወ» ለማለት እንጠቀምበታለን። እናንተ «እንዲሆን ተወው» ለማለት ትናገራላችሁ፣ ልጇን ያጣችው እናት «ወደደው» ብላ ትሰማለች። በዚህ በአንዲት ቃል ስንት ሰው ተጎድቷል! «ቀኑ ደርሶ ነው»ም ያው ነው፣ ሹፌሩን ከተጠያቂነት ነጻ ታወጣዋለች። እግዚአብሔር ይገዛል ብሎ የሚያምን ሰው ጥፋተኛውን ፍርድ ቤት ቢያቆም እምነቱን አልካደም። ቶሎ ይቅር እንዲል አትገፉት።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት አብረን እንያዝ? እኔ የምሄደው ወደ ዮሴፍ ነው። «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» አላቸው ወንድሞቹን። አንድ ድርጊት፣ ሁለት አሳቢ። የወንድሞቹ ክፋት ክፋት ሆኖ ይቀራል፣ እግዚአብሔርም ከዙፋኑ አልወረደም። ዮሴፍ ሁለቱን አላደባለቀም፣ አንዱንም ለሌላው ሲል አልሰረዘም። ጴጥሮስም ሐዋርያት ሥራ 2 ላይ ስለ ስቅለቱ ሲናገር እንዲሁ ያደርጋል፦ በእግዚአብሔር የተወሰነ አሳብ ነው፣ ገዳዮቹ ግን እናንተ ናችሁ።

ግን ማን እንደተናገረውና መቼ እንደተናገረው ልብ በሉ። ዮሴፍ ታሪኩ ሲጀምር 17 ዓመቱ ነው። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሆኖታል። ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት፣ ሁለቱን የረሃብ ዓመታትና ያዕቆብ በግብፅ የኖረባቸውን 17 ዓመታት ስትደምሩ ያቺን ዓረፍተ ነገር የተናገረው አባቱ ያዕቆብ ከሞተ በኋላ፣ ወደ 39 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። «እግዚአብሔር ነው የላከኝ» ለማለት እንኳ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የተናገረውም የተሸጠው ሰው ራሱ ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች «ለበጎ ነው!» ብሎ የጮኸለት ሰው የለም፣ ደግሞም ይሻላል።

የእግዚአብሔር ውሳኔ ይቀድማል ወይስ የሰው ነጻ ፈቃድ እያሉ በጎራ የመከፋፈሉን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆዩት። አውግስጢኖስና ፔላግዮስ ተጣልተውበታል፣ ኤራስመስ በ1524 ጽፎ ሉተር በ1525 መልሶለታል፣ ሆላንድ ውስጥ ዶርት በምትባል ከተማ ከ1618 እስከ 1619 የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተቀምጦበታል። በቀብር ሳምንት ማንም ሰው ካልቪናዊ (የእግዚአብሔርን ውሳኔ የሚያስቀድም) ወይም አርሚንዮሳዊ (ለሰው ምርጫ ቦታ የሚሰጥ) መሆን አይጠበቅበትም።

ኀዘኑ የራሳችሁ ከሆነ፣ ጸሎታችሁን አታሳምሩት። መዝሙር 88 (በሰባ ሊቃናት፣ በጥንቱ የግሪክ ትርጉም ቁጥር 87) የሚያበቃው በጨለማ ነው፣ መጨረሻ ላይ እንኳ የሚያጽናና መስመር የለውም፣ ቢሆንም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ጌቴሴማኒ ላይም «አንተ እንደምትወድ ይሁን» ከማለቱ በፊት «ይህች ጽዋ ትለፍ» ብሏል። በቅደም ተከተሉ ሂዱ። የመጀመሪያውን ዘላችሁ ሁለተኛውን አትበሉ።

ሥጋችሁንም አትርሱት። ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ሲል መልአኩ ትምህርት አልሰጠውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ተኛ፣ እንደገና ቀሰቀሰውና አበላው። አጠገባችሁ ያለ ሰው መሞት እፈልጋለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ጸልዩለትም ሐኪም ጋም ውሰዱት። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ወራት አልፈው ያ ሰው ራሱ ጥያቄውን ይዞ ከመጣ ግን አትሽሹት። ከዘፍጥረት 37 ጀምራችሁ አብራችሁ አንብቡ፣ ከጉድጓዱ። መጨረሻውን ቀድማችሁ አትንገሩት፣ ያውቀዋልም። እኔና ጓደኛዬ በዓመቱ ገደማ ጀመርን። ምዕራፍ 40 ማብቂያ ላይ፣ የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ተፈትቶ ዮሴፍን የረሳበት ቦታ ስንደርስ፣ መጽሐፉን ዘጋና «ዛሬ እዚህ ጋ ይብቃን» አለኝ።