ወደ ባሌ ተራሮች ስትሄዱ መጀመሪያ ዲንሾ ውረዱ

ቀይ ቀበሮን ለማየት ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የምታስቡ ካላችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሮቤ ወይም ጎባ ገብቶ በማግስቱ በቀጥታ ቀይ ቀበሮ ወደሚታይበት ከፍተኛ ሜዳ፣ ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ግን ዲንሾ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ከሮቤ በፊት ታገኙታላችሁ። የመግቢያ ክፍያና አስጎብኚ እዚያው ጨርሱ፤ አለበለዚያ ተመልሳችሁ መምጣታችሁ ነው።

ዲንሾ ማደር ሌላም ጥቅም አለው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰውነታችሁ ቀስ ብሎ ይለምዳል። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሳይለምዱ የወጡ ሰዎች ራሳቸውን ይዘው መኪና ውስጥ ሲቀመጡ አይቻለሁ። በዚያ ላይ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ሲግጥ ታገኙታላችሁ።

ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው አውቶቡስ ሳነቴን ያቋርጣል፤ ግን ለእናንተ ብሎ አይቆምም። ለአንድ ቀን መኪና ተጋርታችሁ ተከራዩ። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በቀን ነውና ከዲንሾ በኋላ ጎባ ገብታችሁ ከዚያ በጠዋት ተነሡ። ጅባራዎቹ መካከል ቁጭ ብሎ የፍልፈል ጉድጓድ የሚጠብቅ ቀበሮ ካያችሁ ሞተሩን አጥፉና ታገሡ።

ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጋቢ አትርሱ።