የሞናርክ አባጨጓሬን ቤት ውስጥ ማሳደግ፦ አሠራሩና የሚሞትበት ምክንያት

የሰሜን አሜሪካው ሞናርክ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ከሚልክዊድ በስተቀር ሌላ ቅጠል በልቶ አያድግም። ሚልክዊድ ከእኛ አገር ጦቢያ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ነው። ጎመንም ሰላጣም አይተካውም፤ ተክሉ በግቢዎ ወይም በበረንዳዎ ከሌለ ባይጀምሩት ይሻላል። ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ደግሞ ያለ ፈቃድ ሞናርክ መያዝ እንደማይቻል ይወቁ።

1. ቅጠሉን ያዘጋጁ። ችግኝ ሲገዙ ፀረ ተባይ ነክቶት እንደሆነ ይጠይቁ። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት መርዞች ወደ ተክሉ ውስጥ ስለሚሰርጉ በማጠብ አይለቁም። የተመረዘ አባጨጓሬ አረንጓዴ ፈሳሽ ያስታውካል፣ ይንቀጠቀጣል። አንድ አባጨጓሬ ወደ 20 የሚጠጉ ትልልቅ ቅጠሎች ይጨርሳል፤ አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለሆነ ብዙ ሰው ቅጠል የሚያልቅበት ያን ጊዜ ነው። ወተቱ ዓይን ይጎዳልና ቅጠል ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

2. እንቁላል ይፈልጉ። ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ይገኛል፤ የመርፌ ራስ ያህላል፣ ነጣ ያለና ሽንትር ያለው ነው። ከነቅጠሉ ቆርጠው በረጠበ ሶፍት ላይ ያስቀምጡት። ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል።

3. ማደሪያውን ያሰናዱ። ቁመቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ አየር የሚያስገባ የመረብ ሳጥን ይበቃል። ቅርንጫፉን ውኃ ውስጥ ካቆሙት የዕቃውን አፍ ይድፈኑ፤ አለዚያ አባጨጓሬው ገብቶ ይሰጥማል። ኩሱን በየቀኑ ይጥረጉ፣ ፀሐይ በቀጥታ አያግኘው። ጥቂት ብቻ ያሳድጉ፤ በተጨናነቁ ቁጥር አንዱ የያዘው በሽታ ለሁሉም ይደርሳል።

4. ቆዳ ሲቀይር አይንኩት። አባጨጓሬው በሚያድግባቸው ከ10 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ቆዳውን ደጋግሞ ይጥላል። ከዚያ በፊት መብላት አቁሞ አንድ ቀን ያህል ፀጥ ይላል። ታመመ ብለው ከቦታው የሚያነሱት ሰዎች ይጎዱታል፤ እግሩ የተጣበቀበት ሐር ከተነቀለ ከአሮጌው ቆዳ መውጣት ያቅተዋል። የጣለውን ቆዳ ቢበላ ግን ጤነኛ ነው።

5. ፑፓ (አባጨጓሬው ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ሽፋን) ሲሆን ይጠብቁ። ወደ ጣሪያው ወጥቶ በጅራቱ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ላይ ያጎብጣል። ከ12 እስከ 18 ሰዓት ገደማ በኋላ ቆዳው ተሰንጥቆ የወርቅ ነጠብጣብ ያለው አረንጓዴ ፑፓ ይወጣል። ከወደቀ አንድ ቀን ያህል እስኪጠነክር ይተዉትና በጫፉ ላይ ያለችውን ጥቁር ዘንግ በጥርስ ክር አስረው ይስቀሉት።

ቢራቢሮው ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ፑፓው ብርሃን ያሳልፋል፣ ብርቱካናማው ክንፍም ይታያል። ምንም ሳያሳይ ድፍን ጥቁር ከሆነ ሞቷል። ሲወጣ የሚጥለው ቀይ ፈሳሽ ደም አይደለም። ክንፉ የሚዘረጋው ተንጠልጥሎ ሲቆይ ብቻ ስለሆነ ያኔ ከወደቀ ቶሎ የሚይዘው ነገር ይስጡት።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ጥቁርና ልፍስፍስ ሆኖ የተንጠለጠለ አባጨጓሬ ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ይዞታል። ወዲያው ያስወግዱት፤ ሳጥኑንም አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውኃ ውስጥ ቢያንስ 4 ሰዓት ዘፍዝፈው በደንብ አለቅልቀው ያድርቁት።

ከአባጨጓሬው ወይም ከፑፓው ነጭ ክር ከተንጠለጠለ ታኪኒድ የሚባል ዝንብ እንቁላሉን ጥሎበት ነበር፤ ትሎቹ በዚያ ክር ወርደዋል ማለት ነው። መድኃኒት የለውም። መከላከያው የሞናርኩን እንቁላል ሳይፈለፈል መሰብሰብ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ኦኢ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። አባጨጓሬው የተውሳኩን ዘር ከቅጠል ወይም ከእንቁላሉ ቅርፊት ጋር ይበላዋል፤ ምልክቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ቢራቢሮው ሲወጣ ነው፦ ከፑፓው መላቀቅ ያቅተዋል ወይም ክንፉ ይጨማደዳል። ጤነኛ የሚመስልም ሊሸከመው ይችላል። በሽታው የተረጋገጠበትን መልቀቅ ለሌሎቹ ማዳረስ ስለሆነ ፍሪዘር ውስጥ አኑሮ መግደል ይሻላል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የብርዱን ወቅት ሳይደርቅ የሚቆየው የሐሩር ሚልክዊድ ተውሳኩን ያከማቻል፤ በመኸር መጨረሻ ወደ መሬቱ ተጠግተው ይቁረጡት።

ክንፉ የደረቀውን ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ፣ ዝናብ በሌለው ቀን ይልቀቁ። በሴፕቴምበር የሚወጡት ወደ ሜክሲኮ የሚጓዙት ናቸው። በ2019 የወጣ ጥናት ቤት ውስጥ ያደጉ ሞናርኮች ወደ ደቡብ አቅጣጫ መያዝ እንዳቃታቸው ስላሳየ፣ በዚያ ወቅት የሚያድጉትን ሳጥን ውጭ ጥላ ሥር ያኑሩት።