የሜርኩሪ ማኖሜትር ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሜርኩሪ ማኖሜትር፣ ማለትም በሜርኩሪ የሚሠራ የግፊት መለኪያ፣ ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው። እንደ ዩ ፊደል የታጠፈ የመስታወት ቱቦ፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ። በቃ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ የሚያረጅ ስፕሪንግ የለውም። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአየርን ግፊት በሜርኩሪ ዓምድ ካሳየ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም።

ችግሩ ቀላል ስለሚመስል ሰው ይዳፈረዋል። ቁጥሩ በስህተት ይነበባል፣ ውስጡ ያለው መርዝም ይናቃል። ከታች ያሉት ስህተቶች ላብራቶሪ ለሚሠሩ፣ ለምሕንድስና ተማሪዎችና አሮጌ የደም ግፊት መለኪያ መደርደሪያቸው ላይ ላለ የጤና ባለሙያዎች የተጻፉ ናቸው። አንዳንዶቹ ውጤት ያበላሻሉ። አንዳንዶቹ ሰው ይጎዳሉ።

የመጽሐፉን 760 አዲስ አበባ ላይ መጠቀም

አንድ ጫፉ ክፍት የሆነ ማኖሜትር የሚያሳየው ልዩነትን ነው። በዕቃው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ይነግርዎታል። በዕቃው ውስጥ ያለውን ሙሉ ግፊት (ፍጹም ግፊቱን) ለማግኘት የውጭውን አየር ግፊት ማወቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብሎ ይጽፋል። 760 ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሯ ግፊት 575 አካባቢ ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት አየር መጥጦ በሚያወጣ ፓምፕ (በቫኪዩም ፓምፕ) ይታያል። ተማሪው ፓምፑን ያስነሳል። ሜርኩሪው ይወጣል፣ ይወጣል፣ ልዩነቱ 570 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ይላል። «ፓምፑ ደክሟል» ይባላል። ዘይቱ ይቀየራል፣ ጎማው ይፈተሻል፣ አሁንም 570። ፓምፑ ግን ምንም አልሆነም። አየሩን በሙሉ ቢመጥ እንኳ ልዩነቱ ከውጭው አየር ግፊት ሊያልፍ አይችልም። 760 ላይ 570 ቀንሶ «190 ሚሊ ሜትር ቀርቷል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ተማሪ ዕቃው ውስጥ የቀረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን አያውቅም።

ከስልክ አፕ ላይ ቁጥር መውሰድም ያው ነው። የአየር ሁኔታ አፖች ለአዲስ አበባ 1,020 ሄክቶፓስካል (ሌላ የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ሲያሳዩ ታገኛላችሁ። ይህ ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተመለሰ ቁጥር ነው። ከተማው ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ካለ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያንብቡ። ጎንደርም፣ አዋሳም፣ ድሬዳዋም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው።

የደም ግፊት ላይ ይህ ችግር የለም። እዚያ የሚፈለገው ራሱ ልዩነቱ ስለሆነ ከፍታ ሂሳቡን አይነካውም።

አንዱን ክንድ ብቻ ማየት

ግፊቱ በሁለቱ የቱቦው ክንዶች ውስጥ ባለው ሜርኩሪ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። አንዱ ወገን 40 ሚሊ ሜትር ወርዶ ሌላው 40 ከወጣ መልሱ 80 ነው። ብዙ ጊዜ 40 ተብሎ ይጻፋል።

ሲያነቡ ዓይንዎ ከሜርኩሪው ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ጎንበስ ብለው ያንብቡ እንጂ ከላይ ቆመው አይገምቱ። ውሃ በቱቦ ውስጥ መሃሉ ዝቅ ይላል፣ ሜርኩሪ ግን መሃሉ ጉብ ይላል። የሚነበበው የጉብታው አናት ነው። ከማንበብዎ በፊት ቱቦውን በጣት ጫፍ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት፤ መስታወቱ ላይ የያዘው ሜርኩሪ ይለቃል። ሜርኩሪው ደብዝዞ መስታወቱ ላይ ጥቁር ዱካ የሚተው ከሆነ ቆሽሿል ማለት ነው፤ ንባቡን አይመኑት።

በሜርኩሪው ላይ ያለውን ውሃ መርሳት

የውሃ ቧንቧ ላይ ማኖሜትር ሲገጠም ከሜርኩሪው በላይ ያለው ቱቦ በውሃ ይሞላል። ያ ውሃም ክብደት አለው። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ስለሚከብድ ሰው በ13.6 ያባዛል፤ በሁለቱም ወገን ውሃ ካለ ግን የሚባዛው በ12.6 ነው። የ100 ሚሊ ሜትር ልዩነት 1,260 ሚሊ ሜትር ውሃ እንጂ 1,360 አይደለም። 8 በመቶ ያህል ስህተት ማለት ነው። ፈተና ላይም ነጥብ የሚያስቀንሰው እሱ ነው።

ሙቀትና ስበትም አሉ። ለተማሪ ሙከራ ላያስፈልጉ ይችላሉ፣ ሌላ መሣሪያ የሚያስተካክሉበት ከሆነ ግን ግድ ናቸው። በ25 ዲግሪ የተነበበ 760 ሚሊ ሜትር ወደ 0 ዲግሪ ሲመለስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የመሬት ስበት ከመደበኛው 9.80665 ሜትር በሰከንድ ካሬ በ0.3 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ቫልቭ በአንዴ መክፈት

አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው እዚህ ነው። ግፊት ያለበት መስመር ላይ ቫልቩ በአንዴ ሲከፈት ሜርኩሪው በክፍቱ ጫፍ ተፈናጥሮ ይወጣል። ጣሪያ ይመታል፣ ጠረጴዛ ላይ ይዘንባል። በቫኪዩም ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጫፉ የተዘጋ ማኖሜትር ውስጥ አየር በድንገት ሲገባ ያ ሁሉ ከባድ ፈሳሽ ተወርውሮ የመስታወቱን ጫፍ ይመታል። አንድ ሊትር ሜርኩሪ 13.6 ኪሎ እንደሚመዝን ያስቡ። ቀጭን መስታወት አይችለውም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚከፈት መርፌ ቫልቭ ይግጠሙ። በማኖሜትሩና በመስመሩ መካከል፣ በክፍቱ ጫፍም ላይ፣ የተፈናጠረ ሜርኩሪ የሚጠራቀምበት ባዶ ጠርሙስ ይኑር። መሣሪያው ጠርዙ ከፍ ባለ የፕላስቲክ ትሪ ላይ ይቀመጥ። ከመክፈትዎ በፊት መስመሩ ላይ ያለው ግፊት ከማስመሪያው ርዝመት እንደማይበልጥ ያረጋግጡ። መነጽርም ያድርጉ።

ሁሉም ጋዝና ሁሉም ብረት ይስማማዋል ማለት

አሞኒያ ባለበት መስመር ላይ የሜርኩሪ ማኖሜትር አይገጠምም። ሁለቱ አብረው ሲቆዩ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ይፈጠራል። አሲቲሊንም እንዲሁ። የነሐስና የመዳብ መገጣጠሚያዎችን ሜርኩሪ ይበላቸዋል፤ የብረት ይጠቀሙ። አሉሚኒየምን ደግሞ ከላይ የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን አልፎ ያፈራርሰዋል። የአውሮፕላን ሰዎች ሜርኩሪን አጥብቀው የሚፈሩት ለዚህ ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ቀለበትዎን ያውልቁ። ወርቅ ሜርኩሪ ይጠጣል። ቀለበቱ እዚያው ዓይንዎ እያየ ይነጣል፣ ሜርኩሪውንም ይዘውት ቤት ይገባሉ።

«አይሸትም፣ አይጎዳም»

ሜርኩሪን በእጁ ይዞ ያንከባለለ ሰው ብዙ ነው። ምንም ስላልሆነም አይጎዳም ብሎ ያምናል። መርዙ ያለው ግን ከእሱ ላይ በሚነሳው ትነት ነው። ትነቱ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በአፍ የገባ ፈሳሽ ሜርኩሪ ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ትንሽ ነው፤ በሳንባ ከገባው ትነት ግን 80 በመቶ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ይቀራል።

በተዘጋ ክፍል በ20 ዲግሪ ላይ አየር እስኪጠግብ ቢተን አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 13 ሚሊ ግራም ያህል ሜርኩሪ ይይዛል። የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ጤና ባለሙያዎች ለሥራ ቦታ የሚመክሩት ጣሪያ 0.025 ሚሊ ግራም ነው። ከ500 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ትነቱ በእጥፍ ይጨምራል። ማኖሜትሩን መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ ወይም ከማሞቂያ አጠገብ ማስቀመጥ ስህተት የሆነውም ለዚህ ነው።

የጀርመናዊውን የኬሚስትሪ ሊቅ የአልፍሬድ ሽቶክን ታሪክ እያንዳንዱ የላብራቶሪ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ለዓመታት በሜርኩሪ ቫልቮችና ማኖሜትሮች በተሞላ የቫኪዩም መሣሪያ ሲሠራ ኖረ። ራስ ምታት፣ ማዞርና የመርሳት ችግር አሠቃዩት። ምክንያቱ ሜርኩሪ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። አብረውት የሚሠሩትም ታመው ነበር። በ1926 የሜርኩሪ ትነትን አደገኛነት የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አሳተመ። ያን ያህል የተማረ፣ ያን ያህል ጠንቃቃ ሰው በየቀኑ የሚተነፍሰውን አላወቀም። እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ የድድ መድማት፤ እነዚህን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባ ካለች ደግሞ ትነቱ በእንግዴ ልጅ አልፎ ፅንሱ ጋር ስለሚደርስ ከዚያ ክፍል መራቅ አለባት።

የፈሰሰውን በመጥረጊያ መጥረግ

ሜርኩሪ ሲፈስ የሰው የመጀመሪያ እጅ ወደ መጥረጊያ ይሄዳል። አንድ ጠብታ ወደ አንድ ሺህ እኩል ጠብታዎች ሲበተን የሚተንበት ገጽ 10 እጥፍ ይሆናል። መጥረጊያ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቫኪዩም ክሊነር ይብሳል፤ አሙቆ ወደ አየር ይረጨዋል። ወደ መታጠቢያ ገንዳ ማፍሰስም እንዲሁ አይሆንም፤ ከገንዳው ሥር ባለው የታጠፈ ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት ይተናል።

እንዲህ ያድርጉ። ሰው ከክፍሉ ይውጣ። ወደ ኮሪደሩ የሚወስደው በር ይዘጋ፣ ወደ ውጭ ያለው መስኮት ይከፈት፣ ፋንና ኤሲ ይጥፋ። የረገጡት ጫማ እዚያው ይቅር። ጓንት አድርገው ጠብታዎቹን በሁለት ጠንካራ ካርቶን ከዳር ወደ መሃል ይሰብስቡ፤ ሲገናኙ አንድ ይሆናሉ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይምጠጡና ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ መብራት አጥፍተው የእጅ ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድመው ያብሩ። ቆመው ያላዩት ሁሉ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል፤ ከጠረጴዛው እግር ሥር፣ ከሊሾው ስንጥቅ ውስጥ፣ ከመሳቢያው ጥግ። እነዚህን በፕላስተር ማጣበቂያ ያንሱ። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ላይ የድኝ ዱቄት ይነስንሱበት፤ ከሜርኩሪው ጋር ተዋህዶ ትነቱን ይቀንሳል። ጓንቱ፣ ካርቶኑ፣ ፕላስተሩ ሁሉ ታሽጎ ከሜርኩሪው ጋር ይቀመጥ። መስኮቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ክፍት ይሁን። ሜርኩሪ የነካው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም።

የአንድ የደም ግፊት መለኪያ ሜርኩሪ 100 ግራም ያህል፣ ማለትም 7 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህን በጥንቃቄ መሰብሰብ ይቻላል። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ከሆነ ግን ክፍሉን ዘግተው ለሚመለከተው ባለሙያ ያሳውቁ።

አሮጌውን ለቁራሌው መሸጥ

ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። በእሱ መሠረት የሜርኩሪ ደም ግፊት መለኪያዎችንና ቴርሞሜትሮችን ማምረትና ወደ አገር ማስገባት ከ2020 በኋላ እንዲቆም ተወስኗል። ስለዚህ አሮጌዎቹ ከየመደርደሪያው እየወረዱ ነው። ቁራሌው ጋር የሄደው ተቀጥቅጦ ይሰበራል፣ ሜርኩሪው ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ይፈሳል። ቆሻሻ ጋር የተቃጠለው በቀጥታ ትነት ይሆናል። ሁለቱም አይደረጉም። መሣሪያውን ቀጥ አድርገው፣ ሁለት ላስቲክ ውስጥ አሽገው፣ «ሜርኩሪ አለው» ብለው ጽፈው፣ በተቆለፈ ቦታ ያስቀምጡና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ።

በምትኩ ዲጂታል ወይም ባለ ቀስት መለኪያ ሲገዙ አንድ ነገር አይርሱ። እነዚህ ሲወድቁና ሲያረጁ ዝም ብለው ይዛባሉ፤ ቀስቱ ዜሮ ላይ ቢቆምም ከፍ ያለው ንባብ ሊስት ይችላል። ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ብዙ የሚንቀሳቀሱትን ደግሞ በየ6 ወሩ፣ ከታመነ መለኪያ ጋር በቲ ቅርጽ (ባለ ሦስት አፍ) መገጣጠሚያ አያይዘው ዝቅ ባለ፣ መካከለኛና ከፍ ባለ ግፊት ላይ ያወዳድሯቸው፤ ቀኑንም መሣሪያው ላይ ይለጥፉ።