የልጅ ልጅ ይዞ ጎንደር ላይ የተጠፋፋ ዘመድ ለመገናኘት

ብዙ ዓመት በውጭ አገር ኖሮ የልጅ ልጁን ይዞ ጎንደር የሚገባ ሰው የሚዘጋጀው ለእልልታ ነው። የተጠፋፋ ዘመድ ሲገናኝ ግን የሚቀድመው ለቅሶ ነው፤ እርስዎ በሌሉበት ያረፉት ሁሉ በዚያች ቀን ይለቀሳሉ። አማርኛ የማይሰማ ልጅ አብሮ ካለ ዝግጅቱ ከዚህ መነሳት አለበት።

ፍለጋውን ቲኬት ከመቁረጥዎ ከሦስትና ከአራት ወር በፊት ይጀምሩ። የሚፈልጉትን ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የቤት ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የእናቱን ስምና ያደገበትን ደብር ይጻፉ። ካህናቱ ዘንድ ወልደ ሚካኤል የሆነውን ሰው ሰፈሩ በዚያ ስም ጭራሽ ላያውቀው ይችላል። የልደት ቀን ብዙም አይረዳም፤ በሱዳን በኩል ከወጡት ብዙዎቹ በስደት ወረቀታቸው ላይ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ሲመልሱ 8 ይቀንሱ፣ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ደግሞ 7። ከቁጥሩ ይልቅ «በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣ»፣ «በ77 ድርቅ ሕፃን የነበረ» ማለት ቶሎ ሰው ያስታውሳል።

የድሮ የቀበሌ ቁጥርም ብቻውን አያደርስም። ከተማዋ ዛሬ የምትተዳደረው በክፍለ ከተማ ነው፦ አራዳ፣ ፋሲል፣ ጃንተከል፣ ማራኪ፣ ዞብል፣ አዘዞ ጠዳ። አጥቢያውን ይዞ መጠየቅ ይሻላል። የእድር ዳኛና የንስሐ አባት ማን የት እንደገባ፣ ማን እንደሞተ ያውቃሉ። ዘመዱ የደምቢያ ወይም የወገራ ሰው ከሆነ ለቅዳሜ ገበያ ከዚያው አካባቢ በሚመጣ ሰው መልእክት ይላኩ፤ በሳምንቱ መልስ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

«እኔ ነኝ» የሚል ሲገኝ እርስዎ አይንገሩ፣ ያስነግሩ። እናታችን ስንት ወለደች፣ ታላቁ ማን ነው፣ ክርስትና ያነሳው ማን ነው? የሁለቱንም ወገን ዘር ወደ ላይ ያስቆጥሩ። ይህንኑ ለሁለት ሰው ለየብቻ ይጠይቁ። ይህ ሳያልቅ ብር አይላክ።

አሁን ወደ መርዶው። ዘመድ የሞት ወሬ በስልክ አይነግርም፤ ሽማግሌና ቄስ ይዞ ገና ሳይነጋ ቤትዎ ድረስ ይመጣል። ስለ አንድ ሰው በጠየቁ ቁጥር «ደኅና ናቸው፣ ገጠር ሄደዋል» ከተባሉና ድምፃቸውን መስማት ካልቻሉ ይጠርጥሩ። ከመካከላቸው አንድ ጠንካራ ሰው መርጠው «ሳልመጣ ይነገረኝ፣ ልጅ ይዣለሁ» ይበሉ። እርስዎም የሚያደርሱት መርዶ ይኖራል፤ በውጭ ያረፈውን ወንድም እነሱ ላይሰሙ ይችላሉ። ለዚያው ሰው አስቀድመው ይንገሩና እሱ በወጉ ያርዳ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በልጁ በኩል ነው፦ ስልኩን ከፍቶ ፎቶ ሲያሳይ የቀብሩ ሥዕል ይወጣል፣ አክስት ደረቷን ትመታለች። ፎቶዎቹን ከመሳፈርዎ በፊት አብራችሁ አጥሩ።

አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት አዘዞ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ዘመዱ ሁሉ ለአቀባበል እንዳይወጣ ይለምኑ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ልጁ የመጀመሪያው ቀን ሊደክመውና ራሱን ሊያመው ይችላል። ሆቴል ይደሩና በማግሥቱ ይገናኙ። «ቤት እያለን?» የሚል ቅሬታ አይቀርም፤ «ለልጁ እንቅልፍ ነው» ካሏቸው ይገባቸዋል።

ለልጁ ከዋዜማው ያስረዱት። ሴቶቹ ድምፅ አውጥተው ያለቅሳሉ፤ የተናደደበት ሰው የለም። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ ይሳማል፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አያት ግንባሩ ላይ «እንትፍ እንትፍ» ብለው ሲመርቁት ፊቱን እንዳያዞር፤ ምርቃቱ ትልቅ ነገር ነው። እሱም ዝቅ ብሎ ጉልበት ቢስም ቤቱ በሙሉ ይወደዋል። እንግሊዝኛ የሚችል ወጣት ዘመድ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ለቅሶው ከበረታ ወደ ውጭ ይዞት ይውጣ። አንድ ጉርሻ ይቀበል። ጥሬ ሥጋና የቧንቧ ውኃ ግን አይሆንም፤ «አይወድም» ካሉ ይለመናል፣ «ሐኪም ከልክሎታል» ካሉ ያበቃል። በግ መታረዱ ስለማይቀር ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ ጾም አይሁን።

በመጀመሪያው ቀን ቤትና መሬት ለመጠየቅ እንዳልመጡ ለታላቁ ሰው በግልጽ ይንገሩ። ይህ ስጋት ሳይነገር ሲቀር ዘመዱ ፊቱ ይቀዘቅዛል፣ እርስዎም ምክንያቱን አያውቁም። ስጦታውን ከታላቁ ይጀምሩ፣ ብሩን በፖስታ ያድርጉት። «ልጅህን እወስድልሃለሁ» የሚል ቃል ከአፍዎ አይውጣ፤ ሰው ሥራውን ጥሎ ዓመታት ይጠብቅበታል።

ወረቀቱ አጭር ነው። የወላጆቹ በኖተሪ (በውልና ማስረጃ) የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት፣ ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ። በእኛ ስም አወጣጥ የልጁ የመጨረሻ ስም ከእርስዎ ስለሚለይ ዝምድናው በደብዳቤው ይጻፍ።

ወደ ገጠር መውጣትን በተመለከተ አቋማችን ጥብቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በድንገት ይዘጋል። ልጅ ይዞ አርማጭሆ ወይም ጭልጋ ከመሄድ ለዘመዶቹ የመኪናና የማደሪያ ከፍሎ ወደ ከተማ ማምጣት ይሻላል፤ እነሱም መንገዱ ካልተመቻቸው ይቅሩና በስልክ ይገናኙ። በደምቢያ ሜዳና በመተማ በኩል ወባ አለ፤ የልጁን መከላከያ በክብደቱ ልክ የሚያዘው ሐኪም ነው፣ ያውም ከጉዞው በፊት።

ከመመለስዎ በፊት አንድ ከሰዓት ለዘር ቆጠራ ይተዉ። ታላላቆቹ ይናገሩ፣ ድምፃቸው ይቀዳ፣ ልጁ በሚችለው ፊደል ይጻፍ፤ በእያንዳንዱ ስም ጎን ሰፈሩና ደብሩ ይግባ። የስልክ ቁጥር ከአዛውንቱ ብቻ አይውሰዱ፤ ከየቤቱ የሁለት ወጣቶች ቁጥር በልጁም በእርስዎም ስልክ ይመዝገብ፣ እዚያው ተደውሎ መሥራቱ ይታይ።